በላጲስ የጠፋ ጭረት

“እንዳይሄድ ብዬ ነው።”

ይሄንን ነው ያለችው፤ በቃ። አባቷ ፊት፣ እናቷ ፊት፣ የልጁ አጎት ፊት፣ ጓደኞቹ ፊት፣ ደግሞ ከሁሉ ከሁሉ እሱ ራሱ ፊት። ድምጿ እንኳን በቅጡ አልወጣም፤ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት። እሱም ቀና ብሎ አያት። እንዴት አድርጎ እንዳያት ብነግራችሁ... ቆይ፣ ከመጨረሻው ጀመርኩባችሁ አይደል? ምን ላድርግ፣ ይሄን የመሰለ ነገር በሆዴ ይዤ ሁለት ገጽ መጠበቅ አልቻልኩም። እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው።

ልጅቷን ቤት ውስጥ ሁሉም “ትንሿ” ነው የሚላት፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ ቁመቷ ከእናቷ በልጧል፤ ግን ትንሿ ናት፣ አለቀ። አባቷ ኢንጂነር ነው። ድልድይ የሚሠራ፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ “ሚሊሜትር” የሚል፣ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ትንሽ ከተጣመመ እህል የማይወርድለት ሰው። እናቷ ደግሞ አትክልት ነው ነፍሷ። አካፋው፣ ዶማው፣ የውሃ ጎማው፣ የአበባ መትከያው ሁሉ የኩሽናው በር ላይ ተከምሮ ሰው ሲያደናቅፍ ስለኖረ፣ ጓሮ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ቤት ይሠራልኝ አለች። አባት ቆርቆሮ ገዝተን ባንድ ቀን እናቆመዋለን ሊል ሲል፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአገሩ ሁሉ ድልድይ ስትሠራ ለኔ አንዲት ጎጆ አቃተህ ወይ አለችው። ከዛ በኋላ ቆርቆሮ የሚል ቃል እዛ ቤት አልተነሳም።

አናጢው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል፣ ዝምተኛ ነው፣ ሲስቅ ባንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚስቀው፣ እንጨት ሲላግ ደግሞ ክንዱ... አልናገርም፣ እናንተው ጨምሩበት።

እስቲ ስለ እንጨቱ ላስረዳችሁ፤ ካላስረዳኋችሁ ነውሩ አይገባችሁም። ይሄ ልጅ ቤት ሲሠራ ሚስማር አይነካም። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ሌላው እንጨት ላይ ደግሞ ለዛ ምላስ ብቻ የሚሆን ቀዳዳ በመሮ ይፈለፍላል። ምላሱ ይገባል፣ በጎን የእንጨት ችንካር ይመታበታል፣ ከዛ በኋላ ንፋስም አያነቃንቀው። ግን በእጅ ስለሚቀረጽ አንዱ በፀጉር ታህል ይወፍራል፣ አንዱ በፀጉር ታህል ይቀጥናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምላስ የሚገባው የራሱ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ነው። እንዳይምታታ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ጭረት ያለው ምላስ አንድ ጭረት ካለው ቀዳዳ ጋር፣ ሁለት ከሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት። አራት ቋሚ፣ አራት አግዳሚ፣ ስምንት መጋጠሚያ። የድሮ አናጢዎች ጭረቱን በመሮ ነው የሚቀርጹት። እሱ ግን የእትዬ ቤት ንጹህ ይሁን፣ ጠባሳ አይኑረው ብሎ በእርሳስ አደረገው።

ሥራውን ያስተማረው አጎቱ ነው። ያሳደገውም እሱ ነው። አጎትየው እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት መሮ ካስቀመጠ ዓመት አልፎታል፤ ወርክሾፑን ለዚህ ልጅ ይልቀቅለት ወይስ ለአንድ ብረት በያጅ ይስጠው ገና አልቆረጠም። ብቻህን አንድ ነገር አቁመህ አሳየኝ ብሎታል። ያ አንድ ነገር ይሄ የጓሮ ቤት ነበር። ለናንተ የአካፋ ማስቀመጫ ይመስላችኋል፤ ለሱ ግን ዕድሜ ልኩ ነበር። ትንሿም ይሄን ታውቃለች፣ ራሱ ነግሯታል። እያወቀች ነው ያደረገችው።

ሦስት ሳምንት ነው ጓሮ ውስጥ ዛፍ ሥር የሠራው። እናቷ ሻይ ስትልካት “ትሪውን አስቀምጠሽ ተመለሽ” ትላታለች። የመጀመሪያው ቀን አስቀምጣ ተመለሰች። ሁለተኛው ቀን አስቀምጣ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ግንድ ላይ ተቀመጠች፤ ሻዩ ሁለት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ ሰጣትና ጭረቶቹን እሷ እንድትጽፍ ፈቀደላት።

“ያንቺ ጭረት ጠመም ይላል” አላት።

“እንጨትህ ነው ጠማማው።”

“እንጨቴን አትንኪብኝ፣ በሱ ቀልድ የለም።”

ሳቀ፣ ባንድ ጎን። እሷ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ጠግቤያለሁ አለች። በምን እንደጠገበች እናንተ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ሆነ። እንጨቱ ሁሉ ተቀርጾ አልቆ በረድፍ ተጋድሟል። አናጢው ልብሱን እያራገፈ፣ ሰኞ አጎቴም ጓደኞቼም ይመጣሉ፣ እናቆመዋለን፣ ማክሰኞ ጣሪያውን እንመታለን፣ ረቡዕ እለቅላችኋለሁ አላት። ደግሞ ደስ ብሎት ነው ያለው። ፊቱ ሁሉ በርቷል። እሷ ከዛ ሁሉ ቃል የሰማችው ረቡዕን ብቻ ነው። ለመሄድ እንዲህ የሚቸኩል ሰው ነው ለካ፣ እኔ ነኝ ለብቻዬ የተቃጠልኩት አለች በሆዷ።

እሱ ሲወጣ ክፍሏ ገባች፣ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፈተች፣ ላጲስ አወጣች። የተማሪ ላጲስ፣ ጥርሷ ያረፈበት። ጓሮ ተመለሰችና ተንበረከከች። አንዱን ጭረት ሁለት ለማድረግ መጨመር ነው። አራቱን ሦስት ለማድረግ አንዱን ማሸት ነው። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ቀን ግራ ይጋባል፣ አንድ ቀን ይጨምራል፣ ከዛ ያገኘዋል፣ ማን ይጎዳል ብላ ነው። እውነቴን ነው፣ ከዛ በላይ አላሰበችም።

እሑድ ጠዋት ግን ጸጽቷት ነቃች። ልትመልሰው ወርዳ እንጨቶቹ ፊት ቆመች፤ የትኛውን ሁለት እንዳደረገች፣ የትኛውን ሦስት፣ ጠፋባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ ያፈሰሰችውን መልቀምም አቃታት።

ሰኞ አጎትየው የተተኮሰ ኮት ለብሶ መጣ። አስቡት፣ የአካፋ ቤት ሲቆም ለማየት ኮት ለብሶ። እናቷ ወንበር አወጣችለት። ሁለቱ ጓደኞች ገመድ ያዙ፣ የመጀመሪያውን ቋሚ አቆሙ፣ አግዳሚውን አነሱ። አናጢው ጭረቶቹን አይቶ፣ ሁለት ከሁለት ብሎ አስጠጋ። አልገባም። ገፋው፤ አልገባም። አዙሮ አራት ከአራት ሞከረ፤ እሱ ደግሞ ገብቶ እንደ ልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ሰው ሁሉ ያያል። የአናጢው ግንባር ላይ ላብ ወረደ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ መልካም ያደረገ መስሎት፣ የእንጨት መዶሻውን አንስቶ ከላይ መታው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ምት ቋሚው ከላይ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። ድምፁን ጎረቤትም ሰምቶታል።

አጎትየው ከወንበሩ አልተነሳም። ቀዳዳህን ተሳስተሃል፣ ጥለኸው እንደ አዲስ ጀምር አለው። ከዛ ቀስ ብሎ፦

“እንጨት አይዋሽም። እጅ ነው የሚዋሸው።”

ኢንጂነሩ ደግሞ፣ ያ ሚሊሜትር ሚሊሜትር የሚል ሰው፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ልጁን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ አይዞህ፣ ሰው ሁሉ የሚችለውን ነው የሚሠራው አለው። አናጢው አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። አራት ቀን ስጡኝ ብቻ አለ። እንጨቶቹን ባንድ ላይ ሰብስቦ ሸራ አለበሳቸው፤ ዳግመኛ ላያያቸው ፊቱን አዞረ።

ትንሿ የት ነበረች? ትሪ ይዛ በሩ ላይ። ሻዩን አቀረበች። ለአጎትየው፣ ለአባቷ፣ ለጓደኞቹ፣ በመጨረሻ ለሱ። እሱ ብርጭቆውን ሲቀበላት አመሰግናለሁ አላት። አመሰግናለሁ። እኔ ብሆን እዛው መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ነበር የምለው።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። የተመኘችው ተሰጣት። አንድ ቀን አይደለም፣ አራት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ያውም አጠገቡ። ለምን መሰላችሁ? ልጁ ዓይኑን ማመን አቆመ። ሜትሩን እንጨት ላይ ይዘረጋና ያያል፣ እንደገና ያያል፣ ከዛ ይጠራታል። “እስቲ አንቺ እዪው፣ ስንት ይላል?” ሰማንያ አራት ትለዋለች። “እርግጠኛ ነሽ?” እርግጠኛ ነኝ። ከዛ ነው የሚቆርጠው። በፊት በዓይኑ ገምቶ በፀጉር የማይስት ልጅ፣ አሁን መሮውን ሲያነሳ እንደ አጎቱ ይንቀጠቀጣል። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ የእንጨቱ ሽታ፣ የሱ ትንፋሽ፣ ሁሉም አለ። እሷ ግን ከሜትሩ ላይ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ማክሰኞ ከሰዓት መሮውን አስቀምጦ እጆቹን ዘርግቶ አያቸው። ገና ልጅ ሆኜ አጎቴ እጄን ይዞ ነው ያስተማረኝ፣ የኔ እጅ ግን ለዚህ አልተፈጠረም መሰለኝ፣ ብረት በያጁ ሰው ይፈልጋል ይባላል፣ እሱ ጋ ብገባ ነው የሚሻለኝ አላት። እሷ ምን አለች መሰላችሁ? አይዞህ አለችው። ልክ እንደ አባቷ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰማችውና ራሷን ጠላች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ማነው ያለው? እሷ ውስጥ ነቅዟል፤ ዱቄቱ እስኪወርድ ነቅዟል።

ያን ቀን ማታ፣ በአፏ መናገር ሲያቅታት ደብዳቤ ጻፈች። ሁሉንም ጻፈችው፣ ላጲሱን፣ ረቡዕን፣ እሑድን። አጥፋ፣ አሽጋ፣ ረቡዕ ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከመጋዙ ሥር አስቀመጠችው። ቀኑን ሙሉ ሜትሩን እያነበበችለት ዓይኗ ከሳጥኑ አልተነቀለም። ወደ አሥር ሰዓት ላይ፣ እሷ ቤት እንደገባች፣ በሩ ጋ መጣ። ደብዳቤው በእጁ ነው። አልተከፈተም።

“ይሄን ውሰጂው” አላት። “ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም። እኔም ለማለት የፈለግኩት ነገር ነበረኝ። ቤቱ ቢቆምልኝ፣ ወርክሾፑን ባገኝ፣ በፊት ለፊቱ በር ገብቼ አባትሽን ቀና ብዬ ላነጋግረው ነበር። ለዛ ነው እንደዛ የቸኮልኩት። አሁን ግን የአካፋ ቤት ማቆም ያቃተው ሰው ነኝ። ይሄን ልከፍት አልችልም፤ አፍራለሁ።”

የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ነው እኮ። ያቺ ቅዳሜ በርቶ የነበረው ፊቱ ለሷ ነበር የበራው። ስለ መሄድ አልነበረም፤ ስለ መመለስ ነበር። ደብዳቤውን ተቀበለችው። “ክፈተው” ማለት ምን ያህል ቃል ነው? አንድ። እሱን አንድ ቃል አጣችው። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ፣ ዓይኗ እንባ እንኳን ማውጣት አፈረ።

ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። ዓርብ ጠዋት አጎትየው ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ ኮት የለም። አዲሱ ቋሚ ተቀርጾ አልቋል፣ አግዳሚዎቹ ግን ገና ግማሽ ናቸው፤ ልጁ እያንዳንዷን አምስት ጊዜ እየለካ የት ይድረስ። ሽማግሌው ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ልጄ አትድከም፣ ወርክሾፑን ለብረት በያጁ ልሰጠው ነው፣ መሮዎቼንም ሰብስብልኝ አለው። አልተቆጣም። ድምፁ የደከመ ነበር። አናጢውም እሺ አለ። አንድም ቃል አልተከራከረም። ተንበረከከና መሮዎቹን አንድ በአንድ እየጠረገ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። ጓደኞቹ ወደ ጎን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ። እናትየዋ ሻይ ልታፈላ ዞረች።

ትንሿ ያኔ ነው ከደረጃው የወረደችው። እግሯ ይወርዳል፣ ሌላው አካሏ ገና ላይ ነው።

“ጋሼ፣ አይውሰዱበት” አለች ለአጎትየው። “እሱ አልተሳሳተም። ጭረቶቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ።”

ምን ሆነ መሰላችሁ? ማንም አላመናትም። እንደዚህ ያለ ነገር አለ? አባቷ፣ ትንሿ ወደ ቤት ግቢ፣ ለሰው ማዘን ጥሩ ነው፣ የሰው ጥፋት ግን ባዘኔታ አይሸከሙትም አላት። እናቷም ልጄ ልቧ ስስ ነው አለች። አናጢው ራሱ ቀና ሳይል፣ ተዪ፣ እንዲህ አታዋርጂኝ አላት። አዝናለት የዋሸች መሰለው። ስታጠፋ ጥሩ ልጅ መስላ ከረመች፣ እውነቱን ስትናገር ደግሞ ደግ ተባለች። ከዚህ የበለጠ ሰው የሚያሳፍር ነገር ካለ ንገሩኝ።

አጎትየው ብቻ ነው ትክ ብሎ ያያት።

“በምን ቀየርሽው?”

“በላጲስ። አንዱን ሁለት አደረግኩት። አራቱን ሦስት። ሌላም አለ፣ ረስቼዋለሁ። ምላሶቹን ብቻ ነው የነካሁት፣ ቀዳዳዎቹን አልነካሁም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው።”

ሽማግሌው ሄዶ ሸራውን ገለጠው። ሦስት ጭረት ያለበትን ምላስ አገኘና ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን አሳለፈበት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቱ ግን ያነባል። አንድ ጭረት፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዛ ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና አሳለፈው። እርሳስ ይጠፋል፤ የእርሳሱ ጫና ግን እንጨት ውስጥ ይቀራል።

“አራተኛው እዚህ ነበር” አለ።

ያን ጊዜ ነው ግቢው ጸጥ ያለው። እናትየዋ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቷ ሁለት እርምጃ ወደ ሷ መጣ። እሷ የምታውቀው ቁጣው ፊቱ ላይ የለም፤ ሌላ ነገር ነው ያለው፣ ከቁጣ የከፋ።

“ለምን?” አላት።

ውሸት አስር ነበራት። ልቀልድ ብዬ ነው፣ ሳላውቅ ነው፣ እየሳልኩ ነው። አንዱም አፏ ላይ አልመጣም።

“እንዳይሄድ ብዬ ነው።”

በቃ፣ እዚህ ደረስን። እሱ ቀና ብሎ ያያት ያኔ ነው። ፍቅር ነበር ልበላችሁ? ነበር። ግን ከሱ ጋር ሌላም ነበር፤ ቤቱ ገብቶ የነበረ እንግዳ ኪሱን ሲበረብር ያገኘው ሰው የሚያይበት አተያይ። ሁለቱም ባንድ ፊት ላይ። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የመንቀል መብት የለኝም ብላ ነው። ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ነደደች።

እሱ መሮዎቹን እዛው ትቶ ተነሳ፣ ወደ እንጨቶቹ ሄደ፣ ሦስት ተብሎ የነበረውን አነሳ፣ አራት ቀዳዳ ላይ አስጠጋው። በእጁ ብቻ ገፋው። ገባ። እንዴት እንደገባ ብታዩ፣ እንደ ሰው ወደ ቤቱ። ሌላውን አነሳ፤ ገባ። የተሰነጠቀውን ቋሚ ቀዳዳ እንኳን ሳይቀር ሞከረው፤ ልክ ነው። ከዛ ግንባሩን አግዳሚው ላይ አስደግፎ፣ ለማንም ሳይሆን ለእንጨቱ፣

“ልክ ነበርኩ” አለ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ትንሿ በሕይወቷ ሰው ሲደሰት አይታ እንደዛን ቀን አፍራ አታውቅም።

ሽማግሌው የአግዳሚውን ጫፍ ዳሰሰ። “እኔም እኮ ሳልዳስስ ፈረድኩ” አለ። “ይቺ ጣት አርባ ዓመት እንጨት ዳስሳ፣ የራሴን ልጅ ሥራ ለመዳሰስ ከወንበር መነሳት አቃተኝ። አፈርኩ።” ቀጥሎ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ፦ “አንተስ ብትሆን? በእርሳስ? እርሳስ የትምህርት ቤት ነው። በመሮ ብትቀርጸው ይቺ ልጅ በጥርሷም አትፍቀውም ነበር።” ከጓደኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

አባቷ ኮቱን አወለቀ። ለማንም ሳይናገር ሄዶ ገመድ ያዘ። ዓይኑን ወደ አናጢው ማንሳት አልቻለም፤ ያ “የሚችለውን ነው የሚሠራው” ያለው ቃል አሳፍሮት ነው። አናጢው የአዲሱን ቋሚ ቀዳዳ በድሮዎቹ ምላሶች ልክ አስተካከለውና በተሰነጠቀው ፋንታ አገቡት፣ አራቱም ቆሙ፣ አግዳሚዎቹ ገቡ፣ ችንካሮቹ ተመቱ። ከምሳ በፊት አጽሙ ቆመ። ኢንጂነሩ ውሃ ልኩን አምጥቶ አስቀመጠበት፤ አረፋው መሃል ላይ ቆመ። ውሃ ልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ትንሿን ማንም ገመድ ያዢ አላላትም። ክፍሏ ገብታ በመስኮት አየች።

ጓደኞቹ ወደ ሥራቸው ስለተመለሱ ጣሪያውና ግድግዳው ሌላ አምስት ቀን ፈጀ። አምስቱንም ቀን ሻዩን እናቷ ራሷ አወጣች። አባቷ እራት ላይ አያናግራትም፤ አንድ ማታ ብቻ፣ ሳያያት፣ ልጁ ጎበዝ ነው አለ። በመጨረሻው ቀን እናቷ ወደ ክፍሏ ገብታ፣ ሊወጣ ነው፣ መደበቅ ጥፋትን አያሳንሰውም፣ ተነሽ አለቻት።

የውጭው በር ላይ ደረሰችበት። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጓል። ይቅርታ አለችው። አወረደው።

“ቋሚው ተሰነጠቀ፣ ሌላ ቀረጽኩ። እሱ አይደለም” አላት። “አራት ቀን ሙሉ ሜትሩን ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። እጄን ስጠላው ታዪ ነበር። አይዞህ አልሽኝ።”

“አውቃለሁ።”

“አንቺን የማምነው እንደ እጄ ነበር። ሁለቱንም ባንድ ሳምንት አጣሁ። እጄ ተመልሷል።”

ምን ትበል? አፍራለሁ ብቻ አለችው፣ አሁንም አፍራለሁ።

“አይቻለሁ” አላት፣ ለስለስ ብሎ። “ሁሉም ፊት ስትቆሚ አይቻለሁ። እኔ በቦታሽ ብሆን አላደርገውም ነበር።” ሳጥኑን አነሳ። “እኔ ከእንግዲህ እናንተ በር ላይ አልመጣም። አጎቴ ወርክሾፑን ለኔ ትቶልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት እዛ ነኝ።”

“ነይ እያልከኝ ነው?”

“ነይ አላልኩም። እዛ ነኝ ነው ያልኩት።”

ሄደ። እሷ መንገዱ ላይ ሰው እስኪጠፋ ቆመች፤ ደስ ይበላት ይክፋት አልለየላትም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወርክሾፖቹ ያሉበት መንገድ ጥግ ላይ ቆማለች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ አናጢ፣ ብረት በያጅ፣ ወንበር ጠጋኝ፣ ሁሉም በሩን ከፍቶ ደጅ ላይ ነው የሚሠራው። የሱ በር በስተመጨረሻ ነው። በሩ ላይ አጎትየው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ሁለቱ ጓደኞች አሉ፣ እነሱ ደግሞ ወሬውን ለመንገዱ ሁሉ አዳርሰውታል። እንዴት አወቀች? ገና ከጥጉ ብቅ ስትል አንዱ አይቷት ነዋ።

“ላጲስ መጣች” አለ፣ ጮክ ብሎ።

ሳቁ ከበር ወደ በር ሄደ። ወንበር ጠጋኙ አፉ ውስጥ የያዘውን ሚስማር ተፍቶ ሳቀ። ብረት በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ አያት። አጎትየው አልሳቀም፣ ግን ናም አላላት፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብቻ ያያል። ከውስጥ ሲሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። “ላጲስ” መባሉን ሰምቶታል። መምጣቷን አውቋል። ግን አልወጣም። ሊወጣም አይደለም፤ እሷ ናት መሄድ ያለባት፣ በዛ ሁሉ ዓይን መሃል፣ ብቻዋን፣ አርባ እርምጃ።

ፊቷ እየነደደ ነው። ተመልሳ ብትሮጥ አውቶቡስ ጥጉ ላይ ቆሟል፣ ማንም አይይዛትም። ብትሄድ ደግሞ እዛ ጋ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም፤ ይቅርታ ይሁን ዝምታ፣ “ተቀመጪ” ይሁን “ይበቃኛል”። እኔ ይሄን ስጽፍ እጄ ላይ ላብ አለ፣ እውነቴን ነው። እኔ ብሆን ሮጬ ነበር እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ያ መዶሻ ለምን ቆመ እላለሁ፣ ሰው የማይፈልገውን ሰው ለመስማት ሥራውን ያቆማል?

እናንተስ? ላጲስ እየተባላችሁ፣ የሰፈሩ ሁሉ ዓይን እናንተ ላይ ሆኖ፣ ይቅር ሊላችሁ ይሁን አይሁን ሳታውቁ፣ አርባውን እርምጃ ትሄዱ ነበር?